ሽምብራን ከዋልካ ማሳ እስከ ጎንደር ገበያ

ይህ መመሪያ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በጣቁሳና በአካባቢው ዋልካ መሬት፣ ማለት እርጥበት የሚይዝ ጥቁር አፈር፣ ላላቸው ገበሬዎች የተጻፈ ነው። አብረዋቸው ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞች፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበር አመራሮች፣ ከተማ ሆነው ወላጆቻቸውን ማገዝ ለሚፈልጉ ልጆችም ይጠቅማል። ሽምብራን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ዝናቡ ቢያቆምም ዋልካው በያዘው እርጥበት ብቻ አድጎ ፍሬ ይሰጣል። ከአየር ናይትሮጂን ስቦ ሥሩ ላይ ስለሚያከማች ለሚቀጥለው ጤፍ ወይም ስንዴ መሬቱን ያለማል። በዚያ ላይ ሽሮ የማይበላበት ቤት ስለሌለ ፈላጊው ዓመቱን ሙሉ አለ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ገበሬው ከሽምብራ የሚገባውን አያገኝም። አብዛኛው ሰው ዘርቶ፣ አጭዶ፣ ወቅቶ፣ ጆንያውን ካሰረ በኋላ ነው ገዢ የሚፈልገው። ያን ጊዜ ዋጋ የሚቆርጠው ገዢው ነው። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ሥራ የሚጀምረው ከእርሻ ሳይሆን ከገዢው ነው።

1. ሐምሌ ላይ ገዢውን ፈልጉ

ከመንደሩ ሁለት የሚታመኑ ሰዎች መርጣችሁ ጎንደር ላኩ። ቢቻል አንዷ ሴት ትሁን፤ የሽሮ እህል ጥራት ከሴቶች በላይ የሚያውቅ የለምና። አራት ዓይነት ገዢዎችን ያነጋግሩ።

አንደኛ የቅዳሜ ገበያን የእህል ነጋዴዎች። ሁለተኛ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅተው የሚሸጡ ባልትና ቤቶችን። እነዚህ በአንድ ጊዜ የሚገዙት ትንሽ ቢሆንም ዓመቱን ሙሉ ይገዛሉ፤ ጠጠርና አፈር ለሌለበት እህል ጨምረው የሚከፍሉም ከእነሱ መካከል አይጠፉም። ሦስተኛ ብዙ ሰው የሚመግቡ ተቋማትን፤ የዩኒቨርሲቲ ምግብ ቤት፣ ሆስፒታል፣ ማረሚያ ቤት። በጨረታ ስለሚገዙ ግለሰብ ገበሬ ሊገባበት አይችልም፤ ፈቃድ ያለው ማኅበር ግን ይችላል። አራተኛ ዩኒየኑን፣ ማለት የኅብረት ሥራ ማኅበራቱን ኅብረት፣ እንዲሁም የኢትዮጵያ ምርት ገበያን። ምርት ገበያው በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከነበሩት ምርቶች ላይ ኋላ ሰሊጥንም ሽምብራንም ጨምሯል። እዚያ የሚገባ እህል ተመዝኖ፣ ናሙና ተወስዶ፣ ደረጃ ወጥቶለት መጋዘን ስለሚቀመጥ ብዛትና ንጽሕና ይጠይቃል፤ በሦስት ጆንያ የሚሄዱበት ቦታ አይደለም።

ለሁሉም ተመሳሳይ ጥያቄ ጠይቁና መልሱን ደብተር ላይ ጻፉ። የትኛውን ዓይነት ነው የምትገዙት፣ ትንሹን ቡናማ የሀገራችንን ሽምብራ ወይስ ትልቁን ነጭ ካቡሊ? በአንድ ጊዜ ስንት ኩንታል? ገንዘቡ በዕለቱ ነው ወይስ በዱቤ? ጆንያው የማን ነው? ቆሻሻ ከተገኘ ቅናሹ እንዴት ይሰላል? የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ብዙ ገንዘብ የሚቀርበት ግን እዚያ ላይ ነው። ገዢው "በኩንታል ይህን ያህል ኪሎ ለአፈር እቀንሳለሁ" ካላችሁ፣ እህላችሁ ንጹሕ ቢሆንም እንደሚቀንስ ወይስ አይቶ እንደሚወስን ቁርጡን ጠይቁ።

ትንሹ ሽምብራ ለሽሮ፣ ለክክና ለቆሎ ይፈለጋል፤ ጎንደር ከተማ ውስጥ ገዢ አያጣም። ካቡሊው በላኪዎች ይፈለጋል፤ ዋጋው ብዙ ጊዜ ይሻላል፣ ነገር ግን ገዢው በአካባቢው ከሌለ ተሸክሞ መመለስ ነው። የእኔ ምክር፦ ካቡሊ የሚወስድ ገዢ በስምና በመጠን እስካላገኛችሁ ድረስ ከማሳችሁ ከሩብ በላይ ካቡሊ አትዝሩ።

መሬታችሁ ዋልካ ካልሆነ ይህ ሰብል የእናንተ ላይሆን ይችላል። በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ ደጋ ሽምብራን ውርጭ ይፈትነዋል፤ እዚያ የሚያዋጣው ገብስ ነው፣ ለብቅል ገብስ ደግሞ የጎንደር ብቅል ፋብሪካ ቅርብ ነው። በመተማና በቋራ ቆላ ሰሊጥ፣ ማሾና አኩሪ አተር አሉ። በበለሳ ዝናቡ አጭር ስለሆነ ቶሎ የሚደርስና አቀንጭራ የሚባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም የማሽላ ዝርያ መፈለግ ይበጃል። የሚዘራው ቢለያይም ስለ ገዢ፣ ስለ ጎተራና ስለ ጋራ ሽያጭ ከዚህ በታች ያለው ለሁሉም ይሠራል።

2. ማሳና ጎረቤት

ለሽምብራ የሚመረጠው ጥልቀት ያለው፣ እርጥበት የሚይዝ ዋልካ ነው። ሽምብራ ግን ውሃ የቆመበት መሬት አይወድም፤ ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ ነሐሴ ላይ ማሳውን ዞራችሁ ውሃ የሚያቁረው የቱ ጋ እንደሆነ ምልክት አድርጉ። ከዳገት ወደ ቁልቁል የውሃ ማንጣፈፊያ ቦይ ያስፈልጋል። መደብና ቦይ የሚያወጣው ማረሻ በቀበሌያችሁ ካለ ተዋሱት፤ ከሌለ በተራው ማረሻ አውጥቶ በእጅ ማስተካከል ይቻላል።

እዚህ ላይ ጎረቤት ይመጣል። የአንዱ ቦይ የሌላውን ማሳ የሚያጥለቀልቅ ከሆነ ጸብ እንጂ ምርት የለም። ስለ ኩታ ገጠም እርሻ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሳው ትራክተርና ምርጥ ዘር ነው። ለሽምብራ ግን ኩታ ገጠም የሚያስፈልግባቸው ምክንያቶች ከዚያ የቀረቡ ናቸው፤ ከውሃ መውረጃው ቀጥሎ ከብትና እሸት ናቸው።

ሽምብራ የሚደርሰው ሌላው ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ጤፉ ታጭዶ ሲያበቃ ከብት ሜዳው ላይ ይለቀቃል፤ ያን ጊዜ ብቻውን አረንጓዴ ሆኖ የቀረ ማሳ ካለ መንጋው እዚያ ነው የሚገባው። እሸቱ ደግሞ ለመንገደኛ ሁሉ ይጣፍጣል። አንድ ሰው ብቻውን ጥማድ ሙሉ ሽምብራ ዘርቶ ቀን ከሌሊት ሊጠብቅ አይችልም። አሥር ሰዎች ማሳቸውን አገጣጥመው ከዘሩ ግን ጥበቃው በተራ ይሆናል፤ ልቅ ግጦሹም እስከ የትኛው ቀን እንደሚከለከል ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር አስቀድሞ መስማማት ይቻላል። ስምምነቱ ከመዝራት በፊት ይሁን። እህሉ ከተበላ በኋላ የሚደረግ ሽምግልና ካሳ ያስከፍል ይሆናል፤ ጎተራ ግን አይሞላም።

ማንን ታሰባስባላችሁ? ወንፈል አብረው የሚወጡትን። እርስ በርስ ሥራ የተበዳደሩ ሰዎች ማን እንደሚያረፍድና ማን ቃሉን እንደሚጠብቅ ያውቃሉ። ለስም ብቻ በዝርዝር ከሚሰባሰቡ ሃምሳ ሰዎች የሚተዋወቁ አሥር ሰዎች ይሻላሉ።

3. ዘር

አረርቲና ሀብሩ ከካቡሊው፣ ናቶሊ ከትንሹ ዓይነት፣ ሦስቱም ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ ዝርያዎች ናቸው። በእናንተ ቀበሌ የቱ እንደሚስማማ የወረዳውን የግብርና ባለሙያ ወይም ጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከልን ጠይቁ። ዘር ከማኅበር፣ ከዘር ድርጅት ወይም ዘር ከሚያባዙ ገበሬዎች ይገኛል። ከገበያ ጆንያ ላይ ተዘግኖ የሚገዛ ሽምብራ ለምግብ እንጂ ለዘር አይሁን፤ ምን ዝርያ እንደሆነና ከየት እንደመጣ አይታወቅም፣ በሽታም ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ዘሩን ከየትም አግኙት፣ ሳትፈትኑ አትዝሩ። 100 ፍሬ ሳትመርጡ ቁጠሩ፤ የተሻለውን ለቅሞ መቁጠር ራስን ማታለል ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ ጥላ ቦታ አስቀምጡት፣ እንዳይደርቅ ውሃ አርከፍክፉ። በ7ኛው ቀን የበቀለውን ቁጠሩ። 85ና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው። ወደ 75 ከወረደ የዘሩን መጠን መጨመር ያስፈልጋል። ከ70 በታች ከሆነ መልሱትና ሌላ ፈልጉ።

ለአንድ ጥማድ፣ ማለት ለሩብ ሄክታር፣ ለካቡሊ ከ25 እስከ 35 ኪሎ ይበቃል፤ ፍሬው በተለቀ ቁጥር ኪሎው ይጨምራል። ለትንሹ ከዚህ ያነሰ ይፈልጋል።

4. አዘራር

ጊዜው መስከረም ነው። ቀኑን የሚወስነው ግን ማሳው እንጂ የቀን መቁጠሪያው አይደለም። አፈሩን በእጃችሁ ጨብጡ፤ ውሃ ከጣቶቻችሁ መሐል ከወጣ ገና ነው፣ ጨብጣችሁ ስትለቁት ቅርጹን ይዞ ከቆየና ሲነካ ከተፈረፈረ ደርሷል። ቀድሞ የዘራ በሥር መበስበስ ይጎዳል፤ በጣም የዘገየ ደግሞ አበባው ላይ እርጥበቱ ያልቅበታል። ቦዩን በደንብ ያወጣ ሰው ሳምንት ሁለት ሳምንት ቀድሞ መዝራት ይችላል፤ ከቦይ የሚገኘው ትልቁ ትርፍም ይኸው ነው።

በመስመር ዝሩ። በመስመሮች መካከል 30 ሴንቲ ሜትር፣ በተክሎች መካከል 10 ሴንቲ ሜትር። ጥልቀቱ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር፤ ፍሬው እርጥበቱ ውስጥ መግባት አለበት። በመስመር መዝራት አድካሚ እንደሆነ አውቃለሁ። ወንፈሉ የሚያስፈልገው ለዚህም ነው፤ በመስመር የተዘራውን ማረም ደግሞ ቀላል ነው።

ማሳው ላይ ሽምብራ ለዓመታት ካልተዘራ ባዮ ማዳበሪያ ፈልጉ። በሽምብራ ሥር ላይ ናይትሮጂን የሚያከማቹትን ጥቃቅን ሕያዋን የያዘ ጥቁር ብናኝ ነው፤ ዋጋውም ከፋብሪካ ማዳበሪያ ጋር አይወዳደርም። ዘሩን ጥላ ሥር ሸራ ላይ አፍስሱ፤ ስኳር በተበጠበጠበት ቀዝቃዛ ውሃ በትንሹ አርጥቡት፤ ብናኙን በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን ነስንሳችሁ ዘሩ ሁሉ እስኪለብስ አሹት፤ በዚያው ቀን ዝሩና ወዲያው አልብሱት። ፀሐይ ይገድለዋል። የዘር መድኃኒት ካለው ዘር ጋር ወይም ከማዳበሪያ ጋር አንድ ላይ አትቀላቅሉት። ዩሪያ ለሽምብራ አትጨምሩ፤ ተክሉ ከአየር መሳቡን ይተዋል፣ እናንተም ገንዘባችሁን ታባክናላችሁ።

መሥራቱን ማየት ትፈልጋላችሁ? ከተዘራ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ሁለት ሦስት ተክል ከነአፈሩ ቆፍራችሁ አውጡ። ሥሩ ላይ ያሉትን እባጮች በጥፍር ክፈቱ፤ ውስጡ ቀላ ወይም ሮዝ ካለ እየሠራ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አልያዘም፤ ለሚቀጥለው ዓመት ማስታወሻ ያዙ።

አረም በተዘራ በወሩ ይታረም፤ ከዚያ በኋላ ተክሉ ራሱ መሬቱን ይሸፍናል። አበባ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ግን ፍሬ የያዘውን ቆባ የሚበሳውን ጓይ ትል ፈልጉ። ጠዋት ጠዋት ማሳውን በሰያፍ እያቋረጣችሁ አሥር ቦታ ላይ ቅጠሉንና ቆባውን ግለጡ። ቆባው ላይ ክብ ቀዳዳ ካያችሁ ውስጡ ገብቷል። ጥቂት ከሆነ በእጅ ለቅሞ መግደል ይቻላል። ከበዛ የቀበሌውን የዕፀዋት ጥበቃ ባለሙያ ሳታማክሩ አትርጩ፤ በተለይ እሸቱን የምትሸጡ ከሆነ። የተረጨ እሸት ሰው ጥሬውን ነው የሚበላው። ልጆች ናቸው በብዛት የሚበሉት።

5. እሸቱን መሸጥ

ብዙ መመሪያ ይህን ይዘለዋል፤ ለጎንደር ግን ትልቅ ገንዘብ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በእስር የሚሸጥ እሸት ደረቁ ሳይደርስ ጥሬ ብር ያመጣል። ለልጅ ደብተር ወይም ለዱቤ መክፈያ ብር የሚያስፈልገው ሰው ጥር ላይ ደረቁን በርካሽ እንዳይጥለው የሚያድነው ይኸው ነው። ከማሳው ለመንገድ የሚቀርበውን ጠርዝ ለእሸት መድቡት፤ ያ ጠርዝ ቢቀር እንኳ በመንገደኛ የሚያልቅ ነው። ጠዋት ጤዛው ሳይነሣ አውጡት፤ በዚያው ቀን ከተማ ይድረስ። ሲጠወልግ ዋጋው አብሮት ይወድቃል። ለዘር ከለያችሁት ክፍል ግን አንዲት እስር አይነካ።

6. አጨዳ፣ ውቂያና ጎተራ

ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምርና ቆባው ሲነካ ሲንኮሻኮሽ ደርሷል። በጠዋት እጨዱ፤ ከቀትር በኋላ ቆባው ይረግፋል። ከመንቀል ይልቅ በማጭድ ማጨድ ሁለት ጥቅም አለው፤ ሥሩ ለአፈሩ ይቀራል፣ እህሉም አፈር አይዝም።

ውቂያ ላይ አውድማው ሸራ ይሁን። ባዶ መሬት ላይ የተወቃ ሽምብራ ጠጠር ይቀላቀልበታል፤ ሽምብራን የሚመስል ጠጠር ደግሞ በዓይን አይለይም፣ ወፍጮ ውስጥ ገብቶ ነው የሚታወቀው። አንድ ጊዜ ጠጠር ያገኘ ባልትና ቤት ሁለተኛ አይመለስም። ገለባውን አትጣሉ፤ ለከብት ጥሩ መኖ ነው፣ ይሸጣልም።

እህሉ መድረቁን ለማወቅ የሚሆን ቀላል ፈተና አለ። ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ ሲሶው ድረስ ሽምብራ ጨምሩ፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ በጣም ደረቅ ጨው ጨምሩበት፣ ከድናችሁ ለአንድ ደቂቃ ናጡት፣ 15 ደቂቃ አቆዩት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እርጥበት አለው፤ እንደገና ይሰጣ። ካልተለጠፈ ለጎተራ ደርሷል።

ሽምብራን በተለመደው ጆንያ ካስቀመጣችሁት ነቀዝ ይጨርሰዋል፤ ገበሬው ተጣድፎ የሚሸጥበት አንዱ ምክንያትም ይህ ፍርሃት ነው። ውስጡ ሁለት ድርብ ላስቲክ ያለው አየር የማያስገባ ከረጢት፣ ፒክስ የሚባለው፣ ይህን ይፈታል። ነቀዙ ውስጥ ያለውን አየር ጨርሶ ይሞታል፤ መድኃኒት አያስፈልግም። ላስቲኩ ቀዳዳ እንደሌለው በትንፋሽ ነፍታችሁ አረጋግጡ። እህሉን ሞልታችሁ አየሩን በእጅ ጨምቃችሁ አውጡ፤ እያንዳንዱን ሽፋን ለየብቻው ጠምዝዛችሁ፣ አጥፋችሁ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ። ቢያንስ ለአንድ ወር አትክፈቱት። በርብራብ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ ደርድሩት፤ አይጥ አንድ ቦታ ከቀደደችው የከረጢቱ ጥቅም አበቃ።

7. አብሮ መሸጥ

ጥር ላይ ሁሉም ይሸጣል፤ ዋጋ ይወርዳል። የመሬት ግብርም ዱቤም በዚያ ሰሞን ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ ፍላጎቱ የሚጨምርባቸው ሁለት ወቅቶች አሉ፤ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ቤቱ ሁሉ ሽሮ ሲያዘጋጅ፣ እንዲሁም ነሐሴና መስከረም ዘር ሲፈለግ። ስለዚህ ምርታችሁን ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ ለአስቸኳይ ወጪ የሚሸጥ፣ ለጾም ወቅት የሚቆይ፣ ለዘር የሚቀመጥ። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ በአካባቢያችን እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። የሁሉም ሰው እህል አንድ መጋዘን ውስጥ አይከማች፤ በየቤቱ በጥሩ ከረጢት የተቀመጠ እህል መንገድ እስኪከፈት መቆየት ይችላል።

አብሮ መሸጥ ምን ያህል እንደሚጠቅም በቁጥር ላሳያችሁ። ቁጥሩ ለማሳያ ነው፤ የሰሞኑን ዋጋ እናንተ አስገቡበት። በመንደር አንድ ኩንታል 6,000 ብር፣ ጎንደር 6,600 ብር ነው እንበል። ሦስት ኩንታል ያለው ሰው ብቻውን ቢሄድ ተጨማሪው 1,800 ብር ነው። ከዚህ ለጭነት በኩንታል 200፣ በድምሩ 600፤ ለመጫኛና ማውረጃ 150፤ ለራሱ ትራንስፖርትና ምሳ 500 ሲወጣ 550 ብር ይቀረዋል፤ ቀኑም ሄዷል። አሥር ሰዎች 30 ኩንታል ይዘው አይሱዙ በ4,000 ብር ቢከራዩ ግን ተጨማሪው 18,000 ነው። ከኪራዩ ሌላ ለመጫኛና ማውረጃ 1,500፣ ለሁለት ተወካዮች 1,000 ሲወጣ 11,500 ይቀራል፤ ለእያንዳንዱ 1,150 ብር። እጥፍ ነው፣ ስምንቱም ሰዎች ሥራቸው ላይ ውለዋል። የመንደሩና የጎንደር ዋጋ ልዩነት በኩንታል ከ100 ወይም ከ200 ብር የማይበልጥ ከሆነ ደግሞ ያው ስሌት "አትሂዱ" ይላችኋል፤ ስሙት።

በሽያጩ ቀን የሚደረገው እንዲህ ነው። እህሉ ከመንደር ሳይወጣ በራሳችሁ ሚዛን ይመዘን፤ ሚዛን በጋራ መግዛት ከሁሉ ቀድሞ የሚያዋጣ ወጪ ነው። የእያንዳንዱ ሰው ስምና ኪሎ በደብተር ይመዝገብ፤ ከየጆንያው ጭብጥ ናሙና ወጥቶ በሁሉም ፊት ይታይ። ያልተለቀመ እህል ያመጣ ሰው አዝኖም ቢሆን ይመለስ፤ የአንዱ አፈር የአሥሩን ዋጋ ያወርዳል። ገዢው ጋ ስትደርሱ አንዱን ጆንያ በመጀመሪያ አስመዝኑና ከደብተራችሁ ጋር አመሳክሩ። ልዩነት ካለ ቀሪው ሳይወርድ ተነጋገሩ፤ መኪናው ባዶ ከሆነ በኋላ ጉልበቱ የገዢው ነው። በዱቤ የሚወስድ ካለ መጠኑ፣ ዋጋውና የመክፈያው ቀን በወረቀት ይጻፍ፣ ምስክር ይፈርምበት።

ገንዘቡ በባንክ ወይም በቴሌብር ለየባለቤቱ ቢገባ ጥርጣሬ ይቀንሳል። ለቀማውና ማበጠሩ በአብዛኛው የሴቶች እጅ ነውና ሒሳቡ ሲነገር ባልና ሚስት አብረው ይገኙ።

ቡድኑ አንድ ሁለት ዓመት ሳይጣላ ከሸጠ ወደ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር ግቡ፤ ማኅበሩም ወደ ዩኒየን። ለተቋማት ጨረታም ሆነ ለምርት ገበያ የሚያስፈልገው ሕጋዊ ሰውነት የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። መጀመሪያ መተማመኑን፣ ከዚያ ማኅተሙን።

8. ዓመቱን ስትዘጉ

ከማሳው መሐል ከተሻለው ክፍል፣ በሽታ ካልነካው፣ ለቀጣዩ ዓመት ዘር ለይታችሁ ለብቻው አስቀምጡ፤ ከረጢቱ ላይ የዝርያውን ስምና ዓመቱን ጻፉ። ሐምሌ ላይ ገዢዎቹን ስትጠይቁ የያዛችሁትን ደብተር አውጡና ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ቃሉን የጠበቀውንና ያልጠበቀውን ምልክት አድርጉ።

ዘንድሮ ሽምብራ የነበረበት ማሳ ለከርሞ ጤፍ ወይም ስንዴ ይዘራበት። ሽምብራው ቢያንስ ሦስት ዓመት አይመለስበት፤ ተክሉን የሚያጠወልገው በሽታ አፈሩ ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ ደጋግሞ የዘራ ሰው አንድ ቀን ማሳው በአንድ ሳምንት ሲደርቅ ያያል። ኩታ ገጠም የዘራችሁት ሁላችሁም በአንድ ላይ ማሳ መቀየር ስላለባችሁ የከርሞው ሽምብራ የት እንደሚዘራ ግንቦት ሳይገባ ተሰብስባችሁ ተስማሙ።